በሮማ አንድ ቀን፤ ሣቅ ያዘለው አደራ

ሰው ከሥራ በኋላ ወደ ሲኒማ ቤት የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ለመሣቅና ሐሳቡን ለማሳረፍ ነው። ሥቆ ከወጣ በኋላም ያየውን ይረሳዋል፤ በዚህም ነውር የለበትም። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ለሣቅ ተብሎ የተሠራ ፊልም ተመልካቹን እስከ ቤቱ ይከተለዋል፤ ከዓመታት በኋላም ደግሞ ቢያየው ያልሰማውን ነገር ይነግረዋል። ለዛሬው ንግግራችን የመረጥነው እንዲህ ያለውን አንድ ፊልም ነው። በእንግሊዝኛ ስሙ «ሮማን ሆሊደይ» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የሮማ ዕረፍት» ብንለው ይስማማዋል። የተነሣው በ1952 ሲሆን ለሕዝብ የታየው በ1953 ነው። በዚህ ንግግር የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አድማጮቻችን እንዲያውቁልን እንለምናለን።

አስቀድሞ ስለ ድርሰቱ ዓይነት ጥቂት እንበል። የፍቅር ኮሜዲ የሚባለው ድርሰት ሥርዐቱ የታወቀ ነው። ሁለት ሰዎች ሳያስቡት ይገናኛሉ፤ አንዱ ከሌላው የሚሰውረው ነገር ይኖራል፤ በዚያ ምክንያት አለመግባባትና መኳረፍ ይመጣል፤ በመጨረሻ ምስጢሩ ይገለጥና ነገሩ በሠርግ ይደመደማል። እንዲህ ላለው ጨዋታ ትልቅ ከተማ የግድ ያስፈልጋል። በትንሽ መንደር አንድ እንግዳ ብቅ ያለ እንደ ሆነ የማን ልጅ መሆኑና ከየት እንደ መጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይታወቃል። በትልቅ ከተማ ግን ንጉሥም ሆነ ለማኝ ልብሱን ከለወጠ ማንም ሳያውቀው በአደባባይ ሊያልፍ ይችላል። የባግዳዱ ኸሊፋ ሃሩን አል ረሺድ በሌሊት ልብሱን ለውጦ በከተማው መካከል ሲዘዋወር የሚተርኩት የአንድ ሺሕ አንድ ሌሊት ተረቶች የቆሙት በዚሁ ላይ ነው። «የሮማ ዕረፍት»ም የእነዚያ ተረቶች ዘመድ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። አን የተባለች የአልጋ ወራሽ ልዕልት የአውሮፓን ዋና ዋና ከተሞች ስትጐበኝ ሮማ ትደርሳለች። አገሯ የትኛው እንደ ሆነ ድርሰቱ አይገልጽም። ቀኗ ሁሉ በሰዓትና በደቂቃ የተሸነሸነ ነው። በአቀባበሉ ግብዣ ላይ ቆማ የእንግዶችን ሰላምታ ስትቀበል፣ ከረጅሙ ቀሚሷ ሥር አንድ እግሯን ከጫማው አውጥታ ልታሳርፍ ስትል ጫማው ይወድቅባታል። ተመልካቹ በዚህ ይሥቃል፤ ብዙ ሰዓት በክብር ቆሞ እንግዳ ያስተናገደ የመንግሥት ሠራተኛ ግን የዚያን እግር ሕመም ያውቀዋል። ማታ የነገው የሥራ ዝርዝር ሲነበብላት ልዕልቲቱ ምርር ብላ ታለቅሳለች፤ ሐኪም ተጠርቶ የእንቅልፍ መድኃኒት ይወጋታል። መድኃኒቱ ሥራውን ሳይጀምር ግን በአንድ የዕቃ መኪና ውስጥ ተሸሽጋ ካረፈችበት ኤምባሲ ትወጣለች።

እንቅልፍ አሸንፏት ከጥንታዊው የሮማ ፍርስራሽ አጠገብ ጋደም ብላ ሳለ ጆ ብራድሌ የተባለ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ያገኛታል። የሰከረች ይመስለዋል፤ ቢሆንም ጥሏት ሊሄድ ኅሊናው አይፈቅድለትም። ስለዚህ ቪያ ማርጉታ በተባለው መንገድ ወደ ተከራየው አንድ ክፍል ወስዶ ያሳድራታል። በማግሥቱ ጆ እንቅልፍ ወስዶት ከልዕልቲቱ ጋር ሊደረግ ከታቀደው የጋዜጠኞች ስብሰባ ይቀራል። ለአለቃው ግን ተገኝቼ ነበር ብሎ ይዋሻል። አለቃውም ልዕልቲቱ በድንገት ስለ ታመመች ስብሰባው መሰረዙን የሚናገረውን ጋዜጣ አውጥቶ ያሳየዋል። ጆ በጋዜጣው ላይ የታተመውን ፎቶግራፍ ሲያይ በክፍሉ ያደረችው ማን እንደ ሆነች ይረዳል። ሌላ ማንም ያላገኘውን የልዕልቲቱን ታሪክ ከነፎቶግራፉ ቢያመጣ አምስት ሺሕ ዶላር እንዲከፈለውም ከአለቃው ጋር ይዋዋላል።

ጆ ክፉ ሰው አይደለም። የቤት ኪራይ ያለበት፣ ከወዳጁ የሚበደርና ወደ ኒው ዮርክ ለመመለስ የሚመኝ ሰው ነው። ስለዚህ ማንነቷን እንዳላወቀ ሆኖ፣ ጋዜጠኛነቱንም ሸሽጎ፣ ከተማውን ያዞራታል። ኧርቪንግ የተባለው ወዳጁም በሲጋራ መለኰሻ ውስጥ በተደበቀ ካሜራ በስውር ፎቶግራፍ ያነሣታል። ልዕልቲቱ በበኩሏ ከትምህርት ቤት የጠፋች ተማሪ ነኝ ትላለች። ከጆ የተበደረችው አንድ ሺሕ ሊሬ ትልቅ ገንዘብ ይመስላታል፤ ዋጋው ወደ አንድ ዶላር ተኩል ብቻ ነበር። ቢሆንም በዚያችው ገንዘብ ጫማ ትገዛለች፤ ረጅሙን ጠጕሯን ትቈረጣለች፤ የስፔን ደረጃዎች በሚባለው ስፍራ ተቀምጣ ጀላቲ ትበላለች። ብርቅ የሆነባት ጀላቲው አይደለም፤ መቼና የት እንደምትበላው ራሷ መወሰኗ ነው።

የፊልሙ ዳይሬክተር ሚስተር ዊሊያም ዋይለር ነበሩ። በዚያ ዘመን የሆሊውድ ልማድ የውጭ አገርን ከተማ በስቱዲዮ ውስጥ በእንጨትና በቀለም አስመስሎ መሥራት ሲሆን፣ ይህ ፊልም ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በሮማ ተነሥቷል። የቤት ውስጥ ክፍሎቹን ያነሡበት ቺኔቺታ የተባለው ስቱዲዮ በ1937 የተመረቀ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ ለጥቂት ዓመታት የስደተኞች መጠለያ ሆኖ ያገለገለ ስፍራ ነው። እንግዲህ በፊልሙ የምናየው ከተማ ከጦርነት ገና በማገገም ላይ የነበረ እውነተኛ ከተማ ነው። ልዕልቲቱ በከተማው ጐዳና የምታከንፈው ቬስፓም ቢሆን ከ1946 ጀምሮ ብዙ ወጪ ለማይችል ሕዝብ መጓጓዣ እንዲሆን መመረት የጀመረ ነው። የሰዎቹ ታሪክ ተረት ሲሆን የቆመበት መሬት እውነት በመሆኑ፣ ተረቱ የሚታመን ሆነ።

አሁን ሣቁ ከምን እንደሚመነጭ እንመርምር። ተመልካቹ የሁለቱንም ምስጢር ያውቃል፤ እርስ በርሳቸው ግን ይሸነጋገላሉ። ነገር ግን ሚዛኑ እኩል አይደለም። እርሷ የምትዋሸው ለአንድ ቀን ነፃነት ነው። እርሱ ግን የሚዋሸው ለገንዘብ ነው፤ ውሸቱ ከተሳካ እርሷ በዓለም ፊት ትዋረዳለች። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀልድ ሥር አንድ የሚያሳስብ ጥያቄ ተቀምጧል፤ ይህ ሰው ያመነችውን ልጅ ይሸጣታል ወይስ አይሸጣትም? ፊልሙን ከቀላል ጨዋታ የሚለየው ይህ ጥያቄ ነው።

ጥያቄው ጎልቶ የሚወጣበት ትዕይንት የታወቀ ነው። ልዕልቲቱ ቬስፓውን ራሷ ልንዳ ብላ የመንገዱን ሰው ስታተራምስ ፖሊሶች ይይዟቸዋል። ጆም ልንጋባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ነው ብሎ ይዋሽና ይለቀቃሉ፤ የተሰበሰበውም ሰው እንኳን ደስ ያላችሁ እያለ ያቅፋቸዋል። በዚህ የፍቅር ኮሜዲ ውስጥ ያለው ሠርግ ይህ የውሸት ሠርግ ብቻ መሆኑን ልብ ይሏል። ከዚያ ሲወጡ ሁለቱም በውሸት ችሎታቸው ይቃለዳሉ፤ ጆም ቦካ ዴላ ቬሪታ፣ ማለት «የእውነት አፍ»፣ ወደሚባለው ስፍራ ይወስዳታል። ይህ በኮስሜዲን ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ የቆመ፣ ፊት የተቀረጸበት ትልቅ ክብ እብነ በረድ ነው። ብዙዎች በጥንት ዘመን የውሃ መውረጃ ክዳን እንደ ነበረ ይገምታሉ። በአፈ ታሪክ ግን ውሸታም ሰው እጁን ወደ አፉ ቢያስገባ ይነክሰዋል ይባላል።

ልዕልቲቱ እጇን ልታስገባ ትሞክርና ፈርታ ትመልሳለች። ጆ ግን ቀስ ብሎ ያስገባል፤ ድንገት ይጮኻል፤ ክንዱን ሲያወጣው በእጅጌው ጫፍ ላይ እጅ የለም። የጆን ቦታ ይዘው የሠሩት ግሪጎሪ ፔክ እጃቸውን በእጅጌአቸው ውስጥ እንደሚሸሽጉ ለልዕልቲቱ ተዋናይ ለኦድሪ ሄፕበርን አስቀድመው አልነገሯቸውም ነበር። ስለዚህ በፊልሙ የምንሰማው ጩኸት የምር ድንጋጤ ነው። ፊልሙን ደግሞ የሚያይ ሰው ግን ከቀልዱ በታች ሌላ ነገር ያስተውላል። ማንንም ያልጎዳ ውሸት የዋሸችው በእውነት ፊት እጇ ይንቀጠቀጣል፤ ከባዱን ውሸት የተሸከመው ደግሞ እውነትን መጫወቻ ያደርጋል። ኅሊና ገና ያልነቃበት ሰው መልኩ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ሊያስበው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቤተ ክርስቲያኒቱ የምትገኘው ሲርኮ ማሲሞ ከሚባለው ጥንታዊ የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ በአንደኛው ጫፍ አጠገብ ነው። በሜዳው በሌላው ጫፍ፣ አንድ ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት፣ ፖርታ ካፔና በሚባለው አደባባይ፣ ፊልሙ በተነሣበት በ1952 የአክሱም ሐውልት ቆሞ ነበር። ፋሺስቶች በ1937 ወስደው በዚያ ተክለውት ነበርና። ኢጣልያ በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል፣ ከኢትዮጵያ የተወሰዱትን ቅርሶች ውሉ ከጸናበት ቀን ጀምሮ በ18 ወራት ውስጥ ልትመልስ ቃል ገብታ ነበር። ሐውልቱ ግን ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005 ሲሆን፣ በአክሱም ዳግመኛ የቆመው በ2008 ነው። ይህ የድርሰቱ ጕዳይ አይደለም። ሆኖም ከእውነት አፍ ብዙ ሳይርቅ ያልተፈጸመ ቃል በድንጋይ አምሳል ቆሞ እንደ ነበር የሚያውቅ ሰው፣ በዚያ ስፍራ ስለ ቃልና ስለ እምነት የሚቀለደው ቀልድ ከሌላው ተመልካች ይልቅ ጠልቆ ይሰማዋል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ማታ በቲቤር ወንዝ ላይ በምትገኝ ጀልባ ላይ ጭፈራ ይሆናል። የልዕልቲቱ አገር ስውር ፖሊሶች መጥተው ሊወስዷት ሲሉ ጠብ ይነሣል፤ ሁለቱም ወደ ወንዙ ዘለው ያመልጣሉ። በዚያች ሌሊት እንደሚዋደዱ ይተዋወቃሉ። ነገር ግን እርሷ ወደ ኤምባሲው ትመለሳለች። ሹማምንቱ ስለ ግዴታዋ ሊገሥጿት ሲጀምሩ፣ ለቤተሰቧና ለአገሯ ያለባትን ግዴታ ባታውቅ ኖሮ በዚያች ሌሊት እንደማትመለስ ትነግራቸዋለች። ማታ ማታ እንደ ሕፃን ይሰጧት የነበረውንም ወተት አልፈልግም ብላ ታሰናብታቸዋለች። ትናንት ግዴታ ሌሎች የጫኑባት ሸክም ነበር፤ ዛሬ ግን አውቃ የተሸከመችው ሆኗል። ሥራው ያው ነው፤ ሠራተኛዋ ግን ተለውጣለች።

ጆም ተለውጧል። ለአለቃው የማቀርበው ታሪክ የለም ይለዋል፤ አምስቱ ሺሕ ዶላርም ይቀራል። በማግሥቱ በተደረገው የጋዜጠኞች ስብሰባ ላይ ልዕልቲቱ ጆንና ኧርቪንግን ከጋዜጠኞቹ መካከል ቆመው ስታያቸው፣ ማን እንደ ነበሩና በእጃቸው ምን እንዳለ በአንድ ጊዜ ይገባታል። በሁሉ ፊት ልትጠይቀው ስለማትችል፣ ስለ አገሮች ወዳጅነት በተጠየቀች ጊዜ በሰዎች መካከል ባለው ግንኙነት እምነት እንዳላት ትናገራለች። ጆም እምነቷ ከንቱ እንደማይሆን በድርጅቱ ስም ይመልስላታል። ከጐበኘችው ከተማ ሁሉ የወደደችው የትኛውን እንደ ሆነ ስትጠየቅ፣ የተለመደውን ሁሉንም የሚያስደስት መልስ ጀምራ ትተወውና፣ ያለ ጥርጥር ሮማ ነው ትላለች። ኧርቪንግም ፎቶግራፎቹን በፖስታ አድርጎ የሮማ መታሰቢያ ብሎ ይሰጣታል። ከዚያ ትሄዳለች። ጆ በባዶው አዳራሽ ብቻውን እየተራመደ ሲወጣ ፊልሙ ያበቃል።

ብዙ ተመልካቾች ይህን ፍጻሜ ያዝኑበታል፤ ነገር ግን ሌላ ፍጻሜ አይስማማውም። በቋንቋችን «አደራ» የሚባል ቃል አለ። አባቶቻችንም «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይላሉ። ልዕልቲቱ የአገሯን አደራ ይዛለች፤ ጆ ደግሞ ሳትነግረው የእርሷን አደራ ተቀብሏል። ሁለቱም አደራቸውን ጥለው ቢጋቡ ኖሮ ሠርጉ ያምር ነበር፤ ነገር ግን ለመዋደድ ያበቃቸው ነገር በዚያው ይጠፋ ነበር። ፍቅሩ የሚታወቀው ሊወስዱ ሲችሉ ባልወሰዱት ነገር ነው። ነገሩም በጨዋታ ብቻ የሚቀር አልነበረም። ፊልሙ በታየበት በ1953 የእንግሊዟ ልዕልት ማርጋሬትና ፒተር ታውንሰንድ የተባሉት የአየር ኃይል መኰንን ፍቅር በጋዜጦች ይወራ ነበር፤ ልዕልቲቱም በ1955 ጋብቻውን መተዋቸውን በይፋ አስታወቁ። ድርሰቱ ከዚያ ወሬ በፊት የተጻፈ ቢሆንም፣ ብዙ ሰዎች ሁለቱን ታሪኮች አስተያይተዋቸዋል።

ስለ ስውር ስም ከተነሣ ደግሞ፣ የዚህ ፊልም የራሱ ታሪክ ከድርሰቱ ያነሰ አይደለም። ታሪኩን የደረሱት ዳልተን ትራምቦ የተባሉት አሜሪካዊ ጸሐፊ ናቸው። እኚህ ሰው በ1947 የአሜሪካ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው ስለ ፖለቲካ ማኅበርተኛነታቸው ሲጠየቁ አልመልስም በማለታቸው፣ በ1950 ታስረዋል፤ የሆሊውድ ኩባንያዎችም በስማቸው እንዳይሠሩ ከልክለዋቸዋል። ስለዚህ ታሪኩን ለኩባንያው ያቀረበው ወዳጃቸው ኢያን መክሌላን ሃንተር ሆነ። በ1954 በተደረገው የኦስካር ሥርዐት «የሮማ ዕረፍት» ሦስት ሽልማት ሲያገኝ አንደኛው ለታሪኩ ደራሲ ነበር፤ የተጠራው ስም ግን የሃንተር ስም ነው። ትራምቦ በ1976 ዐረፉ። ሽልማቱ በስማቸው ለባለቤታቸው የተሰጠው በ1993 ሲሆን፣ የአሜሪካ ጸሐፊዎች ማኅበር በ2011 ስማቸውን በፊልሙ ደራሲነት መለሰ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ማለት ይህ ነው። ስሟን ሸሽጋ አንድ ቀን ነፃ ስለ ወጣች ልዕልት የጻፈው ሰው፣ ራሱ ስሙን ሸሽጎ የሚኖር ሰው ነበር።

የተዋንያኑም ጠባይ ከድርሰቱ ጋር የሚስማማ ነው። ግሪጎሪ ፔክ በዚያን ጊዜ የታወቁ ተዋናይ ሲሆኑ፣ ኦድሪ ሄፕበርን ግን በአሜሪካ ሲኒማ ገና አዲስ ነበሩ። ፔክ ሥራቸውን ካዩ በኋላ የአዲሲቱ ተዋናይ ስም ከእርሳቸው ስም ጋር በእኩልነት ከፊልሙ ርእስ በላይ እንዲጻፍ ጠየቁ። ሄፕበርንም በዚሁ ፊልም የኦስካርን ሽልማት ተቀበሉ። እኚህ ተዋናይ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ኔዘርላንድ በጀርመኖች በተያዘች ዘመን፣ በልጅነታቸው ረሀብን የቀመሱ ነበሩ። በ1988 የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት የመልካም ፈቃድ አምባሳደር በሆኑ ጊዜ የመጀመሪያ ጉዟቸውን ያደረጉት ወደ ኢትዮጵያ ነው። መቀሌ ድረስ ሄደው በረሀብ የተጎዱትን ሕፃናት ጐበኙ፤ ያዩትንም ለዓለም ጋዜጠኞች ተናገሩ። በሲኒማው ውስጥ በጋዜጠኞች ፊት ቆመው ስለ እምነት እንደ ተናገሩ፣ በሕይወታቸው ደግሞ ዝናቸውን ለተራቡ ሕፃናት ድምፅ አደረጉት።

እንግዲህ ይህን ፊልም ዛሬ መልሶ ማየት የሚጠቅመው ለምንድር ነው? በ1952 የሰውን ምስል በስውር ለማንሣት በሲጋራ መለኰሻ የተደበቀ ካሜራ ያስፈልግ ነበር፤ ያም ለሣቅ የሚሆን ብርቅ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን የኧርቪንግ መለኰሻ በሁላችንም ኪስ አለ። የታመመን፣ የወደቀን፣ የተናደደን ሰው በስልክ አንሥቶ ዓለም እንዲያየው ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ሆኗል። በመሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይዟል። የባለ ጕዳይ ማመልከቻ፣ የሠራተኛ የግል ማኅደር፣ የድኻ አቤቱታ፣ የቤተሰብ ምስጢር በየቀኑ በእጁ ያልፋል። አብዛኛው ሰው ወረቀቱን ሲያስረክብ አደራ አይልም፤ እንደ ልዕልቲቱ የሚያምነው ማንን እንደ ሆነ እንኳ አያውቅም። አደራው ግን ባይነገርም አደራ ነው።

ጆ ብራድሌን ያየው አለቃ አልነበረም፤ የከለከለውም ሕግ አልነበረም። ታሪኩ በእጁ ነበር፤ ፎቶግራፎቹ በወዳጁ እጅ ነበሩ፤ ገንዘቡም ይጠብቀው ነበር። እርሱ ግን መልሶ ሰጠ፤ ዕዳውም እንዳለ ቀረ። ከአዳራሹ ሲወጣ ኪሱ ባዶ ነው፤ ነገር ግን ወደ እውነት አፍ ተመልሶ እጁን ቢያስገባ ከእንግዲህ የሚፈራው ነገር የለም።